በዕጓለ ቋዓት ሰሞን በጣና ዳር

ሊቃውንተ ቤተ ክርስቲያን ክረምቱን ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ቀን ከፍለው ለየክፍሉ ስም ሲሰጡት፥ አንዱን ደመና፥ አንዱን መብረቅና ነጐድጓድ፥ አንዱን ጠል ብለውታል። ከነሐሴ 10 እስከ ነሐሴ 27 ቀን ያለውን ግን ዕጓለ ቋዓት፥ ደሰያት፥ ዓይነ ኵሉ ይሉታል፤ ይኸውም የቁራ ልጆች፥ ደሴቶች፥ የሁሉ ዓይን ማለት ነው። በከተማ የሚኖር ምእመን ይህን ስም በማኅሌት ሲሰማው እንደ ሌላው ቃል ያሳልፈዋል። በቆርቆሮ ጣራና በድንጋይ አጥር መካከል የቁራን ልጅ ማን አይቶት ያውቃል? ደሴትስ ወዴት ይገኛል? ሦስቱን ስሞች በአንድ ቀን በእግሩ ሄዶ ሊያያቸው የሚወድ ሰው ግን በነሐሴ ወደ ጣና ይውረድ።

ጣና በካርታ ሐይቅ ይባል እንጂ የአገሩ ሰው ባሕር ይለዋል፤ በዳሩ የተቈረቈረችውም ከተማ ባሕር ዳር ትባላለች። ከውቅያኖስ ወለል 1,800 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ የተኛ ውሃ ነው። ስፋቱ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ሲበልጥ፥ ጥልቀቱ ግን እጅግ በጠለቀበት ስፍራ እንኳ 15 ሜትር ያህል ነው። እንዲህ ያለው ሰፊና ያልጠለቀ ውሃ ለደንገልና ለፊላ፥ ለዓሣ ዕንቁላልና ለትንኝ ትል ይመቻል፤ ለነዚህ የተመቸ ደግሞ ለወፍ ይመቻል። በ2007 ዓ.ም. ዩኔስኮ ጣናን ከነዙሪያው በዓለም ከታወቁት የተፈጥሮ ጥብቅ ስፍራዎች ጋራ ቈጠረው። የዚህ ዓይነት ጥብቅ ስፍራ ሥርዐቱ ሦስት ክፍል ነው፤ በውስጥ ያለው እንዲሁ የሚጠበቅ፥ ከርሱ ቀጥሎ ያለው በጥንቃቄ የሚሠራበት፥ ከዚያ ውጭ ያለው ሰው አርሶ ነግዶ የሚኖርበት ነው። ቅኔ ማኅሌት፥ ቅድስትና መቅደስ ያለውን ክብ ቤተ ክርስቲያን ለሚሳለም ሰው ይህ አከፋፈል እንግዳ አይሆንበትም። እንዲያውም በባሕሩ ዙሪያና በደሴቶቹ ያሉት ገዳማት ይህን ነገር አስቀድመው በአጥራቸው ሲያደርጉት ኖረዋል። በዘጌ በሬ ጠምዶ ማረስ ነውር የሆነው ከአቡነ በትረ ማርያም ዘመን ጀምሮ ነው ይባላል፤ ቡናውና ጌሾው ሎሚውም ከጻድቁ በትር እንደ በቀሉ ይነገራል። ትውፊቱን የሚያምነውም የማያምነውም ሰው ዱሩ ዛሬ ድረስ መቆሙን በዓይኑ ያያል።

ከጾመ ፍልሰታ ፍቺ በማግሥቱ፥ ነሐሴ 17 ቀን፥ አንድ የቅኔ መምህር አምስት ደቀ መዛሙርቱን አስከትለው ከባሕር ዳር ወደ ዘጌ በጀልባ ተሻገሩ። የቅኔ ተማሪ ከጉባኤ ቤት ወጥቶ በዱር በወንዝ ዳር ብቻውን ተቀምጦ ቅኔ ይቈጥራል፤ ይህ የቈየ ልማድ ነው። መምህሩ ግን የዘመኑ ተማሪ ቅኔውን የሚቈጥረው በግድግዳ ተደግፎ ስለ ሆነ፥ በቅኔው የሚገባው ንስርም ርግብም ንብም ከመጽሐፍ የተቀዳ እንጂ ታይቶ የተነገረ እንዳልሆነ አይተው አዝነው ነበር። «ሰሙን ሳታዩ ወርቁን አትጥሩ» ብለው ነው ያወጧቸው። ከአምስቱ አንዱ፥ ዲያቆኑ፥ በዩኒቨርሲቲ ባዮሎጂ ተምሮ በኋላ ወደ ቅኔ ቤት የገባ ነበርና፥ ጓደኞቹ ባዩት ነፍሳት ሁሉ ስሙን እየጠየቁ አላስቀምጥ ብለውት ነበር።

ጀልባዪቱ ከዳር እንደ ራቀች ታላላቅ ነጫጭ ወፎች በሰልፍ ሲዋኙ ታዩ፤ ፔሊካን የሚባሉት ናቸው። ግማሽ ክብ ሠርተው ዓሣውን እየከበቡ ውሃው ወደ ሳሳበት ይነዱታል፤ ከዚያም ሁሉም ባንድ ጊዜ አጐንብሰው ከመንቈራቸው በታች ባለው ከረጢት ይቀዱታል። ከግሪክኛ ወደ ግዕዝ የተመለሰው፥ ጀርመናዊው ፍሪትዝ ሆመልም በ1877 እ.ኤ.አ. በላይፕዚግ ያሳተመው ፊሳልጎስ ስለዚህ ወፍ የሚናገረው ሌላ ነው። ልጆቹን ቀጥቶ ይገድላል፤ በሦስተኛውም ቀን ጐኑን ወግቶ በደሙ ያስነሣቸዋል ይላል። በቅርብ የተመለከቱት ሰዎች እንደሚሉት ግን ወላጁ አፉን ይከፍታል፤ ጫጩቱም ራሱን እስከ ጉሮሮው አግብቶ ይበላል። ከሩቅ ላየው ሰው ወላጁ ደረቱን ወግቶ ልጁን የሚያበላ ይመስላል። የጥንቱ ጸሐፊ በሐሰት አልተናገረም፤ ከሩቅ አየ እንጂ።

በመካከሉ ከውሃው ላይ እንደ ጢስ ዓምድ የቆመ ነገር ታየ። ጢስ ሳይሆን ትንኝ ነበረ። ተማሪዎቹ ነጠላቸውን ተከናነቡ፤ ዲያቆኑ ግን ይህ ዓይነቱ ትንኝ እንደማይነክስ ነገራቸው። ልጅነቱን ከባሕሩ በታች በጭቃ ውስጥ ትል ሆኖ ይኖራል፤ ያን ጊዜ የዓሣ ምግብ ነው። ክንፍ አውጥቶ ከወጣ በኋላ ምንም ያህል ሳይበላ ጥቂት ቀን ብቻ ቈይቶ፥ ዕንቁላሉን በውሃ ጥሎ ይሞታል። በነዚያ ጥቂት ቀናትም ለመንቈር ሁሉ የቀረበ ማዕድ ነው። ጥቋቍር ወፎች፥ ሰነጣጥቅ ጭራ ያላቸው፥ በዓምዱ ውስጥ አፋቸውን ከፍተው ይመላለሱ ነበር።

ከዘጌ ወደብ ወርደው በዳሩ መንገድ ሲሄዱ፥ በውሃ አበባ ቅጠል ላይ አንዲት ቀይ ዳማ ወፍ ስትራመድ አገኙ። የእግርዋ ጣቶች ከሰውነትዋ ጋራ የማይመጣጠኑ ረዣዥም ስለ ሆኑ ክብደትዋን በቅጠሉ ላይ ይበትኑታል፤ ስለዚህ አትሰጥምም። ከተማሪዎቹ አንዱ ወዲያው ጴጥሮስን አነሣ። መምህሩ ፈገግ ብለው ጴጥሮስ ግን እንደ ሰጠመ አሳሰቡት፤ ልጁም ቤቱን ለማፍረስ ተገደደ። በዚህች ወፍ ዘንድ ዕንቁላሉን የሚታቀፈውና ጫጩቶቹን በክንፉ ሥር አቅፎ የሚሸሸው ወንዱ መሆኑን ዲያቆኑ ሲነግራቸው ደግሞ፥ ሁሉም ቀና ብለው ተያዩ።

በደንገሉ አገዳ ላይ የተጣበቀ ቅርፊት ነበረ፤ ስድስት እግር፥ ሁለት ጐላ ያሉ ዓይኖች ያሉት፥ ጀርባው የተሰነጠቀ፥ ውስጡ ባዶ። መምህሩ ነቅለው በመዳፋቸው ላይ አኖሩት። በላዩም አራት ክንፍ ያላቸው ረዣዥም ነፍሳት፥ አንዳንዱ እንደ ሰማይ፥ አንዳንዱ እንደ ደም፥ ይበርሩ ነበር። ቅርፊቱ የነርሱ ልብስ ነው። ይህ ፍጥረት ብዙ ወራት በውሃ ውስጥ እየተነፈሰ የትንኝ ትል እያደነ ይኖራል። ጊዜው ሲደርስ በአገዳ ላይ ይወጣል፥ ጀርባው ይሰነጠቃል፥ ከገዛ ቆዳው ወጥቶ ክንፉን በፀሐይ ያደርቃል፥ ከዚያ በኋላ በውሃ መኖር አይቻለውም። በሥነ ፍጥረት ትምህርት ሐሙስ ከባሕር ስለ ተገኙት ሲነገር፥ በልብ የሚሳቡ፥ በእግር የሚሽከረከሩ፥ በክንፍ የሚበርሩ ይባላል፤ በዚያው በባሕር የቀሩ አሉ፥ ወጥተውም የሄዱ አሉ። ይህ አንዱ ነፍሳት በዕድሜው ውስጥ ሦስቱንም ይሆናል። አንዱ ተማሪ ቅርፊቱን አይቶ በመቃብር የቀረ መግነዝ ብሎ ተናገረ። መምህሩ ምንም አላሉም፤ ቅርፊቱን ግን በመሐረባቸው ጠቅልለው ያዙት። ከቅኔ መምህር ዘንድ ይህ ታላቅ ምስጋና ነው።

ከጥቂት መንገድ በኋላ ወደ ውሃው ባዘነበለ ዛፍ ላይ ጎጆ ሠሪዎቹ ቢጫ ወፎች ጉባኤ ዘርግተው ደረሱባቸው። ራሳቸው ጥቁር፥ ዓይናቸው ቀይ ነው። የደንገልና የሣር ቅጠል በአፋቸው ሰንጥቀው፥ በእግራቸው ይዘው፥ እያጠላለፉ ይሠራሉ። ቤቱን የሚሠራው ወንዱ ነው። ሠርቶ ሲያበቃ ከሥሩ ተንጠልጥሎ ክንፉን እያራገበ ይጣራል፤ ሴቲቱ መጥታ በውስጥ ገብታ ትመረምራለች። ያልወደደችው እንደ ሆነ ትታው ትሄዳለች። ብዙዎች የናቁትና ቅጠሉ የደረቀው ቤት ሲሆን ሠሪው ራሱ አፍርሶ በአዲስ ሣር ይጀምራል። መምህሩ ይህን ሲሰሙ ሳቁና ወደ ተማሪዎቹ ዞረው፥ «ትናንት ቤት ጐደለህ ብዬ ባፈርስበት ሁለት ቀን ያኰረፈ ማን ነበረ?» አሉ።

ነገር ግን በዚያ ዛፍ ሥር ያስቆማቸው ሌላ ነው። ገበሬ ይህን ወፍ በጥቅምት በወንጭፍ የሚያባርረው እህል በሊታ ስለ ሆነ ነው። በነሐሴ ግን በአፉ እህል አልነበረም፤ አባጨጓሬና ፌንጣ ይዞ ይመላለስ ነበር። እህል የሚበላው ወፍ ለታናሽ ልጁ እህል አይሰጥም፤ የጫጩት አጥንትና ላባ የሚያድገው በነፍሳት ሥጋ ነውና። ወላጅ በቀረበ ጊዜ ጎጆው ሁሉ ይጮኻል። ነፋስ ካዘነበለው ከአንዱ ጎጆ አፍ ሁለት ጫጩቶች ይታዩ ነበር፤ ዓይናቸው ያልተገለጠ፥ ላባ የሌላቸው፥ አፋቸው ብቻ የሆኑ።

ዲያቆኑ በዚህ ጊዜ ያሰበውን አወጣው። ስለ ዕጓለ ቋዓት የሚነገረው ትርጓሜ የታወቀ ነው፤ የቁራ ልጆች ሲፈለፈሉ መልካቸው ወላጆቻቸውን አይመስልምና እናትና አባታቸው ልጆቻችን አይደሉም ብለው ይሸሻሉ፤ ጫጩቶቹም አፋቸውን ወደ ሰማይ ከፍተው ሲጮኹ፥ እግዚአብሔር ትንኙንና ተሐዋስያኑን ወደ አፋቸው ይሰድድላቸዋል፤ ጥቁር ላባ ባበቀሉ ጊዜ ወላጆቹ ይመለሳሉ።

«የኔታ፥ በትምህርት ቤት የተማርነው ግን እናቲቱም አባትየውም ሳይለዩ ይመግቧቸዋል የሚል ነው። የጫጩቱም አፍ መቅላቱ ለወላጅ ምልክት እንዲሆን ነው። የትኛውን እንያዝ?» አለ።

ሌሎቹ ተማሪዎች መምህሩ ይቈጣሉ ብለው ፈርተው ነበር። መምህሩ ግን እጅግ ዝም ብለው ወደ ጎጆው ሲመለከቱ ቈዩና እንዲህ አሉ። «ያየኸውን ያዝ፤ ዓይንህን ካድ የሚል ትርጓሜ የለም። ነገር ግን ሊቁ እናቲቱን ከጎጆዋ ለምን እንዳስወጣት ጠይቅ። እናት ባለችበት ሰው የሚያየው እናትን ነው፤ በአፍዋ ያለውን ትንኝ ማንም አያየውም። ትንኙን እንድናይ ብሎ እናትን ፈቀቅ አደረጋት። እርስዋ ትንኙን ታመጣለች እንጂ አትፈጥረውም፤ ልጄ።»

ዲያቆኑ ይህን በማስታወሻው ጻፈ። በጽሑፍ ያላገኘው መልስ መሆኑ በፊቱ ይታወቅ ነበር።

በዱሩ ውስጥ ብዙ አልቈዩም። በእርጥብ መንገድ ላይ ቢራቢሮዎች ተሰብስበው ከጭቃው ጨው ይመጥጡ ነበር። ከፍ ባለው ዛፍም በመንቈሩ ላይ ሌላ መንቈር የተደረበበት የሚመስለው ታላቅ ወፍ ክንፉን እንደ ወፍጮ እያሰማ አለፈ። የዚህ ወፍ ሴቲቱ ዕንቁላል በምትጥልበት ጊዜ በዛፍ ዋሻ ገብታ በሩን በጭቃ ትመርገዋለች፤ ወንዱ በቀረው ቀዳዳ ፍሬ እያቀበለ ይመግባታል። ደጃቸውን ዘግተው በመስኮት ቈሎና ውሃ የሚቀበሉ ባሕታውያን ባሉበት አገር ይህን ማስረዳት አያሻም።

ደሰያት የሚለው ስም በዚያ ከፍታ ላይ ተገለጠላቸው። ክረምቱ ወንዞቹን ሲያመጣ ባሕሩ ይሞላል፤ በዛፎቹ መካከል ራቅ ብለው የሚታዩት ደሴቶች በደፈረሰው ውሃ ላይ ጥቍር አረንጓዴ ሆነው ተቀምጠው ነበር። በያንዳንዱ ራስ ላይ ማለት ይቻላል ቤተ ክርስቲያን አለ፤ ዛፉም የቀረው ቤተ ክርስቲያኑ ባለበት ነው። በሰሜንና በምሥራቅ በኩል ያለውን ዳርቻ ከ2004 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ የወረረው እምቦጭ ከዚያ አይታይም፤ ሥራው ግን ለዓሣ አጥማጁ የታወቀ ነው።

የዘጌ አንገት ወደ ሰፊው ምድር ከሚገናኝበት ሲደርሱ ዱሩ በአንድ ጊዜ አለቀ፥ እርሻ ጀመረ። በዚያ ያለው ዝምታ ሁሉንም ከበዳቸው። በቆሎው ለምለም ነበር፤ በላዩ ግን የሚበርር አልነበረም። በአጥሩ ላይ ከተሰቀሉት ሦስት ቀፎዎች የሁለቱ አፍ ባዶ ነበር። አንድ ገበሬ መርጫውን በጀርባው አዝሎ በመካከሉ ይሄድ ነበር።

መርዝን መድኃኒት ብሎ መጥራት ከመቼ ወዲህ እንደ ተለመደ ቢመረመር መልካም ነበር፤ ከመድኃኔ ዓለም ጋራ አንድ ሥር ያለውን ቃል በዚህ ዕቃ ላይ ማዋል ቀላል ነገር አይደለም። ገበሬው ግን ሌላ ቃል አልነበረውም። «መድኃኒት ነው የኔታ፤ ለተምች ነው» አለ። ይህ ዓይነቱ ተምች ከሌላ አህጉር የመጣ፥ በ2009 ዓ.ም. በኢትዮጵያ የታየ ነው፤ በቆሎውን ከእምብርቱ ገብቶ ይበላዋል። ዲያቆኑም ቀስ ብሎ ለመምህሩ አስረዳ። የተረጨበት ትል ወዲያው ባይሞት ይደክማል፤ የደከመ ትል በቀላሉ ይታያል፤ ስለዚህ ወፍ ከሁሉ አስቀድማ የምታነሣው እርሱን ነው፤ ወደ ጎጆዋም የምትወስደው እርሱን ነው።

መምህሩ ፊታቸው ተለወጠ። «ታዲያ ትርጓሜው ተገለበጠ» አሉ። «በዚያ እናት ሄደች፥ ትንኝ መጣ። በዚህ እናት አለች፥ በአፍዋ ያለው ግን ምግብ አይደለም።»

ገበሬው ነገሩን ሁሉ ባይሰማ የነቀፋውን ድምፅ ሰምቶ መርጫውን አወረደ። «የኔታ፥ እኔስ ንቤ አልቆብኝ የለምን? ለደብሩ ጧፍ በየዓመቱ ሰም የምሰጥ ሰው ነበርሁ። ነገር ግን ካልረጨሁ ይህ ትል በጥቂት ቀን ይጨርሰኛል። አምስት ልጆች አሉኝ፤ እነርሱም አፋቸውን ከፍተው የሚጠብቁት እኔን ነው» አለ።

ከዓይነ ኵሉ በላይ ለዚህ ንግግር ስም ሊወጣለት አይችልም። የሁሉ ዓይን ሲባል የወፍ ብቻ አይደለም፤ የገበሬ ልጆች ዓይንም በዚያ ውስጥ ነው። ስለ ጥብቅ ስፍራ የሚጽፉ ሰዎች ይህን ብዙ ጊዜ ያልፉታል፤ ወፉን ያያሉ፥ የወፉን ምግብ ያያሉ፥ ከመስመሩ ወዲያ የቆመውን ሰው ግን እንደ ጥፋተኛ ብቻ ይቈጥሩታል። መምህሩ መልስ አልሰጡትም። ወደ ዲያቆኑ ዞረው፥ «ዩኒቨርሲቲው ለዚህ ምን አስተማረህ?» አሉት።

ዲያቆኑ የሚያውቀውን ተናገረ። ትሉ ገና ታናሽ ሳለ በእጅ ለቅሞ መግደል፥ በበቆሎውም እምብርት ዐመድ ወይም አሸዋ መጨመር በብዙ ስፍራ ይደረጋል። መርጨት ግድ ቢሆን እንኳ ንብ ወደ ቀፎዋ ከገባች በኋላ፥ ማታ ቢረጭ ጥፋቱ ያንሳል። ገበሬው ሁሉን እንደሚያውቀው ተናገረ፤ የግብርና ሠራተኛው ነግሮታል። «የሚለቅም እጅ ግን ከወዴት ላምጣ? ልጆቼ ታናናሾች ናቸው፤ እርሻው ሰፊ ነው።»

መምህሩ ነጠላቸውን አደግድገው ዘንጋቸውን በአጥሩ አስደገፉና ወደ በቆሎው ገቡ። አምስቱ ተማሪዎች ተያይተው ተከተሏቸው። የበቆሎውን እምብርት እየገለጡ ትሉን በጣታቸው እያወጡ፥ ገበሬው በሰጣቸው ቅል ያጠራቅሙ ጀመር። ዲያቆኑ በግንባሩ ላይ የተገለበጠ የወይ ፊደል የሚመስል መስመር ያለውን ትል እየለየ ያሳያቸው ነበር። ሥራው ቀላል አልነበረም፤ የቅጠሉ ጠርዝ እጃቸውን ይቈርጣቸዋል፥ ዝናቡም ሁለት ጊዜ መታቸው። እስከ ማታ የደረሱት ከእርሻው አንድ አራተኛ ወደማይሞላው ነው። ገበሬው መርጫውን ወደ ቤቱ አስገባ፤ ለነገ ጎረቤቶቹን በደቦ እንደሚጠራ ተናገረ፤ ይጥራ አይጥራ ከዚያ በኋላ የታወቀ ነገር የለም።

ገና ሲጀምሩ፥ የመርጫው ጠብታ ካልደረሰበት ወገን የተለቀመውን የመጀመሪያውን ቅል መምህሩ በእርሻው ዳር ባለ ድንጋይ ላይ አስገልብጠውት ነበር። የጀልባው ባለቤት ከወደቡ ደጋግሞ ሲጠራቸው፥ አንድ ቁራ ከዱሩ ወገን መጣ። በድንጋዩ ላይ ቆሞ ግራ ቀኝ አየ፤ መንቈሩን እስኪሞላ ለቀመና ተነሣ። ዲያቆኑ ወዴት እንደሚሄድ ሊያይ በበቆሎው መካከል ሮጠ፤ ነገር ግን መሽቶ ስለ ነበረ ከመጀመሪያዎቹ ዛፎች ወዲያ አልታየውም።